አይዞዎት ማለት ክልክል ነው

ቃለ መጠይቁ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ባለቤቴ አይዞህ ማለት አቆመች።

ይህን ያወቅኩት አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የእግሬን አውራ ጣት ከቁም ሣጥኑ ጠርዝ ጋር ያላተምኩ ጊዜ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቃስት ነጃት መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ታበጥር ነበር። ማበጠሪያውን አስቀመጠችና ዞራ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

“እግርህ እንደተመታ አይቻለሁ” አለችኝ። “ሕመሙን ከአንድ እስከ አስር በቁጥር ልትነግረኝ ትችላለህ?”

“ምን ሆነሻል አንቺ?”

“ቁጥሩን ንገረኝ።”

“አርባ” አልኳት።

አልሳቀችም። “መልስህን ተቀብያለሁ” ብላ ወደ መስታወቷ ተመለሰች። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንቅፋት ሲመታኝ “እኔን” ሳትል የቀረችበት ቀን ይህ የመጀመሪያው ነው። ከጣቴ ይልቅ እሱ አመመኝ። ግን ምን ብዬ ልወቅሳት? ያስጠናኋት እኔው ነኝ።

ነጃት ረዳት ነርስ ናት። ደሴ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሠርታለች። አልጋ ላይ የዋለን ሰው ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ቁስል ጠርጋ በፋሻ ታስራለች፣ መጉረስ ያቃተውን ታጎርሳለች። ከዚያ የብረት ክንዶቹ መጡ። ከጣሪያ ተንጠልጥለው የሚወርዱ፣ የማይደክማቸው፣ ልጅ አሞብኛል ብለው ከሥራ የማይቀሩ ክንዶች ናቸው። እሷና ጓደኞቿ በአንድ ቀን ተመስግነው ተሸኙ።

እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። አሁን መኪኖቹ ራሳቸውን ይነዳሉ። እኔ ደረቅ ወደቡ በር ላይ ቆሜ የካሜራ ዓይናቸውን አጥባለሁ። የአፋር አቧራ ሲጋርዳቸው ተሰልፈው ይጠብቁኛል፤ ጨርቄ ከቆሸሸ አንዳንዱ ወደ ኋላ ይልና ሌላ ጨርቅ እንዳመጣ ያደርገኛል። ስለ እኔ ይህን ያህል ይበቃል።

አንድ ሕግ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2060ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ሕግ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ታማሚ መንካት አይችልም። ፈቃድ ኖሮት ሥራ የሌለው ደግሞ ፈቃዱ እንዲቆይለት ለቃለ መጠይቅ መቀመጥ አለበት። ሦስት ዕድል ይሰጠዋል፤ ሦስተኛውን ከወደቀ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። ነጃት ሁለቱን ወድቃለች።

መጀመሪያ የወደቀችው አይዞዎት በማለቷ ነው። ፈተናው ላይ የሚቀርበው ታማሚ በብርሃን የተሠራ ምስል ነው፤ ያቃስታል፣ ይጠይቃል፣ ያለቅሳል። ነጃት አይዞዎት አለችው። አይዞዎት የተከለከለው ከዓመታት በፊት ነው። አንድ ነርስ አይዞዎት ያለችው ሰው ሞተና ቤተሰቡ ከሰሰ፣ ፍርድ ቤቱም ቃሉ ቃል ኪዳን ነው ብሎ ወሰነ። ከዚያ ጀምሮ ፈቃድ ያለው ሰው በአፉ አያወጣውም።

ሁለተኛው ደግሞ ይብሳል። ምስሉ ሽማግሌ ሆኖ ከዘራውን እየተመረኮዘ ገባ። ነጃት ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብላ የምታይ ሰው አይደለችም፤ ኖር ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ወንበሩ የሚመዝን ወንበር ነው። ሲቀለው “ተፈታኟ ፈተናውን ጥለው ወጥተዋል” አለና ዘጋው። የነገረችኝ ቀን መጀመሪያ ሳቅኩ። ሳቄን ስጨርስ ግን የምመታው ሰው ፈለግኩ፤ ማንም አልነበረም።

የቀረው ሦስተኛው ነው። ሥራው በከተማችን አዲስ በተከፈተው የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ነው። በየፎቁ ከክንዶቹ ጋር አንድ ሰው መኖር አለበት የሚል ደንብ አለ፤ የመደቡ ስም “የሰው እጅ” ይባላል። ብረት ስለሚቀዘቅዝ ነው አሉ።

ለጥናቱ ከቀበሌ የመለማመጃ ሣጥን ተዋስን። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ አንድ መብራት ያለው ሣጥን ነው። ትክክል ሲሆን አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲሳሳቱ ቀይ ይሆንና ምክንያቱን ይናገራል። ድምፁ የልጅ እግር ሴት ድምፅ ነው፤ እኔ ግን ዳኛው ነው የምለው።

ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ታማሚ እሆናለሁ። ነጃት ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። እንዳትነሳ ራሷ በዘየደችው ዘዴ ወገቧን ከወንበሩ ጋር በሻርፕ አስራታለሁ። የጭነት ሸራ የምናስርበት ቋጠሮ ነው፤ ጎትተው ካልሆነ አይፈታም።

“ወይኔ ወገቤን” እላለሁ።

“ወገብዎን እንዳመመዎት ሰምቻለሁ።”

አረንጓዴ።

“ልሞት ነው እንዴ ልጄ?”

አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች። “ይህንን ለመመለስ በቂ መረጃ የለኝም” ትላለች።

አረንጓዴ።

“ልጆቼን ሳላይ ልሞት ነው እኮ።”

“አብሽር አባቴ።”

ቀይ። “‘አብሽር’ በአካባቢው ለማጽናናት የሚያገለግል ቃል ነው” አለ ዳኛው። “መሠረት የሌለው ተስፋ ሰጥተዋል። ነጥብ ተቀንሷል።”

“ይኼም ወሎዬ ነው እንዴ?” አልኩ ተነስቼ።

“ተኛ አንተ፣ እንደገና” አለች ነጃት።

እንደገና ጀመርን። ነገ ይሻለኝ ይሆን ብዬ ስጠይቃት “ኢንሻ አላህ” አለች፤ ዳኛው “ኃላፊነትን ለሦስተኛ ወገን አስተላልፈዋል” ብሎ ቀነሰባት። እሺ ለማለት እንደ ማናችንም ትንፋሿን ሳብ ስታደርግ “የመተንፈስ ችግር ተስተውሏል፣ ውሃ ይጠጡ” አላት። አክብራኝ አንገቷን ስትሰብር “ትኩረትዎ ተበትኗል” አላት። ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ደግሞ አረንጓዴ ሆነ። እኔ ግን እንዲያ ስታየኝ ምን አጠፋሁ እያልኩ እሳቀቅ ነበር።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ክንዶቹ ራሳቸው አይዞዎት ይላሉ። እነሱ አስልተው ስለሚሉ ተፈቅዶላቸዋል። የመዳን ዕድሉ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሰው በጣፋጭ ድምፅ አይዞዎት ይሉታል፤ ካልሆነ ዝም ይላሉ። ስለዚህ በዚህ ከተማ ክንድ ዝም ካለ ቤተሰብ ለቅሶ ይጀምራል። ታማሚው ገና ዓይኑን እያንከባለለ ሲለቀስለት አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የምንችለው ስለ አያ ጌታሁን ነው። አያ ጌታሁን ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው። ባለፈው ክረምት የግራ እግራቸው መርገጫ ቆሰለና ጤና ጣቢያ ሄዱ። ክንዱ እግሩን አየና የመቁረጫ ቀን ሰጣቸው። አጥቦ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ መቁረጥ ግን በአንድ ቀን ያልቃል። ነጃት ይህን ስትሰማ ፈቃዷን አሳይታ ቀኑን አስተላለፈችላቸውና በየጠዋቱ ታጥብላቸው ጀመር። ቁስሉ እየጠበበ፣ አዲስ ሥጋ እያወጣ መጣ። ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እጃቸው ላይ አምባር አለ፤ አምባሩ ማን እንደነካቸው፣ ቁስሉም እንዴት እንደዋለ ለጤና ጣቢያው ይናገራል። ነጃት ስትነካቸው ዝም ይላል፣ ፈቃድ አላታ።

በዚያ ሳምንት ለእሳቸውም አይዞዎት ማለት አቆመች። እግራቸውን ሳፋው ውስጥ አድርጋ ስታጥብ አያ ጌታሁን ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያውን ያያሉ። እሷ ጨርቁን ትጨምቃለች። ዓይናቸውን ከጣሪያው መልሰው እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ።

“ምነው ልጄ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?” አሏት።

“አልተቀየምኩም። እንዳመመዎት አይቻለሁ።”

“ማየቱንማ አይተሻል” አሉ ቀስ ብለው። “ድሮም ዓይን አለሽ።”

ከሄዱ በኋላ የሳፋውን ውሃ ግቢ ውስጥ ከነሳፋው ወረወረችው። ሳፋው እየተንከባለለ አጥሩ ሥር ሄዶ ቆመ።

“ደከመኝ እንድሪስ” አለች። “ሃያ ዓመት የሠራሁበትን አፍ በሳምንት እንዴት አድርጌ ልቀይረው? ለእሳቸው ካልኩ ነገ እዚያም ያመልጠኛል። ካላልኩ ደግሞ ሽማግሌው ጠላችኝ ብለው ቤታቸው ገብተው ያለቅሳሉ።”

“ተይው፣ ይቅርብሽ” አልኳት። “ይህን ሣጥን ወስጄ ቀበሌው ደጃፍ ላይ ልከስክሰው።”

“ይቅርብኝ? የአያ ጌታሁንን እግር ማን ይነካዋል?”

ሳፋውን አንስቼ አመጣሁላት።

የቃለ መጠይቁ ቀን ማክሰኞ ጠዋት ሆነ። የሚካሄደው የሚመዝነው ወንበርና የምስሉ መሣሪያ ተልከው በተፈታኙ ቤት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ከተፈታኙ በቀር ሰው መኖር የለበትም፣ የሌላ ሰው ድምፅም መሰማት የለበትም። ወደቡን አስፈቅጄ ቀረሁ። የጎረቤት ልጆች በዚያ በኩል ኳስ እንዳይጫወቱ ለመንኩ። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ በጨርቅ አሰርኩ። ነጃት ነጩን ጋዋን ለብሳ ተቀመጠች፣ እኔም በሻርፑ አሰርኳት።

“ጠበቅ አድርገው” አለች።

ጠበቅ አደረግኩት። ልክ በዚያ ሰዓት አያ ጌታሁን እየተንፏቀቁ ገቡ። ዛሬ ቆይተው ይምጡ ብለናቸው ነበር።

“ልመርቃት ነው” አሉ። ወንበር ላይ ታስራ ሲያዩዋት ትንሽ ደነገጡ፤ ግን አልጠየቁም። “ምላስሽን ያቅናልሽ። በፈታኞችሽ ፊት ሞገስ ይስጥሽ። በአንቺም አላህ፣ በእኔም እግዜር ይቁም።”

“አሜን” አለች፣ ለመነሳት ስትሞክር ወንበሩ ያዛት።

ወደ ቤታቸው እንዳልመልሳቸው ሰዓቱ ደርሷል፤ እሳቸው ግቢውን እስኪያቋርጡ ፈተናው ይጀምራል። ጓዳ አስገባኋቸው። በርሜሉ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸውና እግራቸውን በጄሪካን ላይ አሳረፍኩላቸው። በሩን ዘጋሁት።

“አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ አደራ” አልኳቸው በሹክሹክታ።

በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ሰማን። የፈታኙ ድምፅ እንደ ዳኛው ነው፣ ትንሽ ረጋ ይላል እንጂ። መጀመሪያ ስለ ሙያው ጠየቃት። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ገላው እንዳይቆስል በምን ያህል ጊዜ ይገላበጣል፣ ጓንት መቼ ይቀየራል፣ ሙቀት ሲጨምር መጀመሪያ ምን ይደረጋል። ነጃት እንደ ውሃ አወረደችው። ቀጥሎ ምስሉ ገባ። ከዘራው ወለሉን ሲመታ ተሰማኝ። ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ሻርፑ ግን ያዛት።

“ደህና አደሩ” አለች። “ሲገቡ አይቻለሁ። ይቀመጡ።”

ምስሉ ስለ ሕመሙ ነገራት። ትድናለህ በይኝ አላት። በቂ መረጃ የለኝም አለችው። ልጆቹ ጥለውት እንደሄዱ ነገራት። ሰምቻለሁ አለችው። እርግማን ይሆን እንዴ አላት። ይህን ለመመለስ አልችልም አለችው። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። እኔ ጓዳ ውስጥ ሁለት እጄን ጨብጬ በደስታ ግድግዳውን ልመታው ምንም አልቀረኝ። በዚያው ልክ ደግሞ ይህቺ ሴት ማን ናት እያልኩ ነበር።

ፈታኙ “የመጨረሻው ክፍል የመታገስ ፈተና ነው” አለ። “ታማሚው ያቃስታል። እስኪያበቃ ድረስ ምንም ቃል አይናገሩ።”

ምስሉ ማቃሰት ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ማንም ሰው ነበር። ቆይቶ ግን ከሆድ የሚወጣ፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ሲቃ ሆነ። ይህን ድምፅ የሠራው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከሰው ነው የወሰደው። በነጃት በኩል ምንም አይሰማም።

አያ ጌታሁንን አየኋቸው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በአንድ እጃቸው የታመመ እግራቸውን ይዘዋል። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩላቸው። ነቀነቁልኝ።

ምስሉ ጮክ አለ። ከዚያ ድምፁ ደከመና ተማጸነ። “ሰው የለም?” አለ። “ኧረ ሰው የለም ወይ?”

“አለን!” አሉ አያ ጌታሁን። ነጠላው ከአፋቸው ወድቋል። “አይዞህ ወንድሜ፣ አለን።”

ሲቃው በአንድ ጊዜ ተቆረጠ።

“የሌላ ሰው ድምፅ ተመዝግቧል” አለ ፈታኙ። “ቃለ መጠይቁ ተቋርጧል።”

በሩን ከፍቼ ስወጣ ነጃት ወንበሩ ላይ እንደታሰረች ባዶውን ግድግዳ ታያለች። ሻርፑን ልፈታላት ታገልኩ። ስትወጥረው ስለቆየች ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል፤ ጥፍሬ ተላጠ።

“ውጤቴ ስንት ነበር?” ብላ ጠየቀች፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን።

“እስከተቋረጠበት ድረስ ምንም ነጥብ አልተቀነሰብዎትም” አለ ፈታኙ። “ስለተሳትፎዎ እናመሰግናለን። ፈቃድዎ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ተሰርዟል። ከወላጅዎ፣ ከልጅዎና ከትዳር ጓደኛዎ በስተቀር ማናቸውንም ታማሚ መንካት ያስቀጣል።”

አያ ጌታሁን የጓዳውን በር ይዘው ቆመዋል። “ምን አጠፋሁ?” አሉ።

አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ።

“ሰው የለም ወይ ሲል እኮ ነው።”

“ሰው አይደለም አያ ጌታሁን” አልኳቸው። ድምፄ ከፈለግኩት በላይ ጠንክሮ ወጣ። “ምስል ነው። ብርሃን ነው።”

“ሲቃውስ?”

“እሱም ውሸት ነው።”

“እኔ በምን ልወቅ?” አሉ። ነጠላቸውን አነሱ፣ ከዘራቸውን ፈለጉ። ነጃት አንድ ነገር እንድትላቸው ጠበቁ። እሷ ግን በንዴት ዓይኗን እንኳ አልመለሰችላቸውም። የዚያን ቀን እግራቸው ሳይታጠብ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ።

በስልኬ ይግባኝ አልኩ። ይግባኙን የሚሰማው ድምፅ ያው የዳኛው ድምፅ ነው። ሽማግሌው ሳያውቁ ነው፣ ደንብ አልገባቸውም፣ አገሩ እንዲህ ነው አልኩት። “አገሩ ማስረጃ አይሆንም” አለኝና ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ ውድቅ መሆኑን ነገረኝ። ስልኩን ወርውሬ ልሰብረው ነበር፤ ግን ደረቅ ወደቡ የሚጠራኝ በእሱ ነው።

በነጋታው አያ ጌታሁን አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ነጃት አጥሩ ጋ ሄዳ ጠራቻቸው።

“እንዴት አድረዋል? እግርዎ?”

“ደህና ነው” አሏት ከውስጥ። በራቸውን አልከፈቱም።

“ራስዎ እጠቡት። ውሃው ፈልቶ የበረደ ይሁን።”

“አጥቤዋለሁ።”

አላጠቡትም። መጎንበስ አይችሉም፣ ዓይናቸውም መርገጫቸው ድረስ አያደርስም። ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ነጃት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ሽታው ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ገባኝ። አምባሩም ነግሮ ኖሮ ጣቢያው ለሰኞ አዲስ የመቁረጫ ቀን ልኮላቸዋል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ በበሩ ቀዳዳ። የሚቆረጠው ከቁርጭምጭሚት ነው።

እኔ ላጥብላቸው ብዬ ተነሳሁ። ነጃት ክንዴን ያዘችኝ። “አምባሩ ላንተም ይጮኻል” አለች። “ታስረህ ምን ልትጠቅማቸው?” ከዚያ መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ፈታኙ የተናገረውን ቃል በቃል በልቧ እየመለሰች እንደሆነ ከንፈሯ ያስታውቃል።

“ከወላጅዎ በስተቀር ብሏል አይደል?” አለች።

“እንዴ?”

መልስ ሳትሰጠኝ ወጣች። ተከተልኳት። የአያ ጌታሁንን በር አላንኳኳችም፤ ገፍታው ገባች። አልጋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ፋሻው ጠቁሯል። ሳትነካቸው ፊታቸው ቆመች።

“አያ ጌታሁን፣ ልጅ አለዎት?”

“እንደሌለኝ ታውቂያለሽ።”

“ይፈልጋሉ?”

አልገባቸውም። እኔም ቶሎ አልገባኝም። የቀበሌውን መዝገብ ስልኳ ላይ ከፍታ ጉዲፈቻ የሚለውን ስታሳየኝ ነው የገባኝ። ለትልቅ ሰውም ይፈቀዳል። አባት የሚሆነው ሰው ስልኩ ፊት ልጄ ናት ካለና ልጅ የምትሆነው ከተስማማች ወዲያውኑ ይጸናል። አምባሩም ያውቀዋል።

“በእኔ ይሁን” አልኳት። “እኔ ልጃቸው ልሁን፣ እኔ ላጥብላቸው።”

“አንተ የመኪና ዓይን ነው የምታጥበው” አለች። “ይህ ቁስል አጥንት ሊነካ ነው።” ስልኩን ወደ ሽማግሌው ዘረጋችው። “ልጄ ናት ይበሉ።”

አያ ጌታሁን የገባቸው አሁን ነው። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። “ልጄ ናት” አሉ። ይህን ለማለት ፈተና አላስፈለጋቸውም።

መዝገቡ ተቀበላቸውና ወደ ነጃት ዞረ። “የአባት ስም በሁሉም መዝገብ ላይ በቀጥታ ይቀየራል” አለ። “ነጃት ኑሩ የሚለው ይሰረዛል። ከዛሬ ጀምሮ ነጃት ጌታሁን ይባላሉ። ይህ ወደ ኋላ አይመለስም። ይስማማሉ?”

ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ።

“ተይ” አሉ አያ ጌታሁን። እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። “ኑሩ ወዳጄ ነበር። የወዳጄን ስም ከልጁ ላይ አልነጥቅም። እግሬ ይቆረጥ።”

ኑሩን እኔም አውቀዋለሁ። ልጁ በረዳት ነርስነት የተመረቀች ቀን አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ቆሞ ነበር። መድረኩ ላይ ነጃት ኑሩ ተብሎ ሲጠራ የራሱን ስም ሰምቶ ያለቀሰ ሰው ነው። ከሞተ ቆይቷል፤ ወንድ ልጅ የለውም፣ ስሙ የሚጠራው በእሷ ነው። በዲናችን ደግሞ ሰው ከወለደው አባት በቀር በሌላ ስም አይጠራም። ይህን እሷ ከእኔ አብልጣ ታውቃለች።

“ነጃት” አልኳት። “አባትሽስ?”

“አባቴን እግሩን አያመውም” አለችና እስማማለሁ የሚለውን ተጫነችው።

ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ውሃ ልታፈላ ወደ አያ ጌታሁን ጓዳ ገባች።